ረዳቱ ሲሞት መልእክቱ ምን ይሆናል? ኮምፒውተር የዘገየን መልስ የማያምንበት ምክንያት

ጊምቢ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ላለው ሸሪኩ «የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ አጭር መልእክት ላከ እንበል። ኔትወርኩ ተቋርጧል፤ መልስ የለም። ማክሰኞ እንደገና «ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ላከ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ አንድ መልስ ብቻ ገባ። ከትክክለኛው ሰው ነው የመጣው፤ ቁጥሩም ግልጽ ነው። ግን የየትኛው ቀን ዋጋ ነው? የሰኞ ጥያቄ መልስ ነው ወይስ የማክሰኞ? ነጋዴው ይህን ሳያጣራ በዚያ ዋጋ ቡና ቢገዛ ሊከስር ይችላል።

ልብ በሉ፤ መልሱ ውሸት አይደለም። ሲጻፍ ትክክል ነበር። ችግሩ ጊዜው ማለፉ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማለፉ ከላዩ ላይ አለመጻፉ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን ጩኸቱን የሰማው ሰው ጅቡ አሁንም ደጅ ያለ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለውን መልእክት «የቆየ መልእክት» እንበለው። ይህ ችግር የነጋዴዎች ብቻ አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክና ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ኮምፒውተርም በውስጣቸው ያለማቋረጥ መልእክት ስለሚለዋወጡ በየጊዜው ይገጥማቸዋል። በተለይ የሚብሰው ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንዱ በመሀል ሲሞት ነው። ታዲያ ምን ያደርጋሉ?

«ነገ» የትኛው ነገ ነው?

መጀመሪያ ከምናውቀው እንነሳ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይሄድም። በመሀል ማዕከል አለ፤ መልእክቱን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ የተቀባዩ ስልክ ሲገኝ ያደርሳል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከሌለ ይጠብቃል። ግን ዘላለም አይጠብቅም። እያንዳንዱ መልእክት የሚያበቃበት ጊዜ አለው። የአጭር መልእክት ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ በአንዱ የአጻጻፍ ዘዴ እስከ 63 ሳምንት ድረስ ይፈቅዳል፤ ብዙ ኔትወርኮች ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አያቆዩም። ጊዜው ሲያልፍ መልእክቱ ይጣላል።

ለምን ይጣላል? ቢደርስ አይሻልም? እስቲ ይህን አስቡ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ፣ ወደ ሦስት ወር ገደማ፣ በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። አንድ ሰው መቋረጡን ሳያውቅ ነቀምቴ ሆኖ ጊምቢ ላለ ወንድሙ «ነገ ጠዋት መናኸሪያ ጠብቀኝ» ብሎ ቢልክና መልእክቱ ከሦስት ወር በኋላ ቢደርስ፣ «ነገ» የትኛው ነገ ነው? ወንድምየው ተነስቶ መናኸሪያ ሄዶ ሲጠብቅ ሊውል ነው። ይህ መልእክት ባይደርስ ይሻል ነበር።

እዚህ ጋ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ሐሳብ አለ፦ መልስ ማጣት ያስቸግራል፤ የዘገየን መልስ እንደ አዲስ መቀበል ግን ያሳስታል። መልስ ያጣ ሰው ማጣቱን ያውቃል፤ የተሳሳተ ሰው ግን መሳሳቱን አያውቅም።

በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግቢ

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። የማንኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት «ከርነል» ይባላል፤ በአማርኛ «አስኳል» ብንለው ያስኬዳል። ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን የሚያዘው እሱ ነው። እንደ ታጠረ ግቢ አድርጋችሁ ሳሉት። እናንተ የምትከፍቷቸው ፕሮግራሞች፣ ብራውዘሩ፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ጌሙ፣ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ፋይል ሲፈልጉ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ ከርነሉ ይሰጣቸዋል። «ድራይቨር» የምንለው ደግሞ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ወይም አገልግሎት ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለበት የሚያውቀው የከርነሉ ክፍል ነው።

ግቢው ውስጥ ያለ ኮድ ከተሳሳተ ግን መዘዙ ከባድ ነው፤ ማሽኑ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎች አንድ ዘዴ አመጡ። ድራይቨሩ ውስጥ አጭሩንና ቀላሉን ሥራ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ረጅሙንና ውስብስቡን ሥራ ከአጥሩ ውጭ ላለ ረዳት ፕሮግራም ይሰጡታል። ረዳቱ ቢሳሳት የሚወድቀው እሱ ብቻ ነው። ግቢው አይነካም።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ «ፊውዝ» የሚባለው የሊኑክስ ክፍል ነው። ከቤታችን ቆጣሪ አጠገብ ካለው ፊውዝ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። ሥራው አንድ ፕሮግራም «ይህን ፋይል አንብብልኝ» ሲል ጥያቄውን ተቀብሎ ከአጥሩ ውጭ ላለው ረዳት ማስተላለፍ፣ ከዚያም የረዳቱን መልስ ለጠያቂው መመለስ ነው። «እኔ ሊኑክስ አልጠቀምም» እንዳትሉ። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከአንድሮይድ 11 ጋር በወጡና ከዚያ በኋላ በመጡ ስልኮች ላይ፣ አንድ አፕ ከጋራ ማከማቻው ፎቶ ሲከፍት ጥያቄው የሚያልፈው በዚሁ በፊውዝ በኩል ነው። በዚያኛው ጫፍ ሆኖ የሚመልሰው ረዳት ደግሞ «ሚዲያ ፕሮቫይደር» ይባላል።

ግማሹ ሞቶ ግማሹ ሲቀር

ረዳቱ ለምን ይሞታል? ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ሊኖር ይችላል። ወይም ሜሞሪ ሲሞላ ከርነሉ ማሽኑን ለማትረፍ ሲል አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ዕጣው ለረዳቱ ሊወጣ ይችላል።

ነቀምቴ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ዴስክቶፑ ድርግም ሲል ያናድዳል፤ ዲስኩ ላይም የራሱን ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። በመልእክት ረገድ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ጠያቂውም፣ ከርነሉም፣ ረዳቱም አብረው ስለጠፉ «አልመለስክልኝም» ብሎ የሚጠብቅ የለም። አስቸጋሪው ግማሹ ሞቶ ግማሹ ሲቀር ነው። ረዳቱ ሞቷል፤ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ ጠያቂው ፕሮግራም ደግሞ በር ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

በዚያች ቅጽበት መንገድ ላይ የነበሩት መልእክቶች ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛ፣ ሰልፍ ላይ ያሉ። ከርነሉ ጽፏቸዋል፤ ረዳቱ ግን ገና አላነሳቸውም።

ሁለተኛ፣ ረዳቱ ያነሳቸውና ያልመለሳቸው። እነዚህ አስጨናቂዎቹ ናቸው። ሥራውን ጨርሶታል? ግማሽ ላይ ነው? ወይስ ጭራሽ አልጀመረውም? ከግቢው ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ረዳቱ ሳይሞት ዘግይቶ ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ የሚመጣ መልስ። የነጋዴው የረቡዕ መልስ ማለት ይህ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ መላ ተበጅቷል። መላው ሦስት ነገር ነው፦ ቁጥር፣ የጊዜ ገደብ፣ እንደ አዲስ መተዋወቅ።

ቁጥር፦ መልሱ የየትኛው ጥያቄ ነው?

በቴሌብር ገንዘብ ስትልኩ በሚደርሳችሁ መልእክት ላይ የግብይት ቁጥር አለ። አንድ ዓይነት ገንዘብ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ብትልኩ እንኳ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። «የትኛው ደረሰ?» ሲባል በቁጥሩ ይለያል።

ፊውዝም እንዲሁ ያደርጋል። ከርነሉ ወደ ረዳቱ በሚልከው በእያንዳንዱ ጥያቄ ራስጌ ላይ የራሱ ቁጥር ይጻፋል፤ ረዳቱ ሲመልስ ያንኑ ቁጥር መልሶ መጻፍ አለበት። ከርነሉ መልስ ሲመጣ «በዚህ ቁጥር የሚጠብቅ ጥያቄ አለኝ ወይ?» ብሎ መዝገቡን ያያል። ካለ ያስረክባል። ከሌለ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ቁጥሩ ባለ 64 ቢት ስለሆነ በተግባር አያልቅም፤ የድሮ ቁጥር ተመልሶ መጥቶ ከአዲስ ጋር የመምታታት ስጋት የለም።

አንድ የምትወዱት የሚመስለኝ ዝርዝር ልጨምር። ጠያቂው ፕሮግራም በመሀል ከተቋረጠ ከርነሉ ለረዳቱ «ያን ጥያቄ ተወው» የሚል ሌላ መልእክት ይልካል። ይህም ቁጥር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተራ ጥያቄዎች ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 እያሉ ይሄዳሉ፤ «ተወው» የሚለው መልእክት ደግሞ የጥያቄው ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮበት ጎዶሎ ይሆናል። 6ን ለማስተው 7 ይላካል። ቁጥሩን ያየ ሁሉ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ነጋዴያችንም ቢሆን «ጥያቄ 1» እና «ጥያቄ 2» ብሎ ልኮ ሸሪኩ «ለጥያቄ 1፦ ይህን ያህል» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ችግሩ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ገደብ፦ እስከ መቼ ልጠብቅ?

ረዳቱ በግልጽ ከሞተ ጉዳዩ ቀላል ነው። ከርነሉ የሟቹን ንብረት ሲሰበስብ ወደ ፊውዝ ይዞት የነበረው መስመር መዘጋቱን ያያል፤ የሚጠብቁትን ጥያቄዎች በሙሉ በስህተት መልስ ያሰናብታቸዋል። ከዚያ በኋላ ያን ፎልደር የሚነካ ሁሉ የሚሰማው «በወዲያኛው ጫፍ ማንም አልተገናኘም» የሚል መልስ ነው። ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው።

ከባዱ ረዳቱ ሳይሞት ዝም ጭጭ ሲል ነው። ፕሮግራሙ ስታክ ያደርጋል፤ እናንተም ማውሱን እየነካካችሁ ትቀመጣላችሁ። ከውጭ ሆኖ ሲታይ የዘገየና የሞተ አንድ ናቸው። ነቀምቴ ሆናችሁ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፋይል በደካማ ኔትወርክ ስትከፍቱ፣ ረዳቱ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ገደቡ 30 ሰከንድ ቢሆን በሕይወት ያለውን ረዳት «ሞቷል» ብሎ መቅበር ይሆናል። ገደቡ አንድ ሰዓት ቢሆን ደግሞ በእውነት የሞተውን ስንጠብቅ እንውላለን።

ፊውዝ ለሃያ ዓመት ገደማ ለጥያቄዎቹ በከርነሉ የሚጠበቅ የጊዜ ገደብ ያልነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይልቅ አስተዳዳሪው ራሱ አይቶ መስመሩን የሚቆርጥበት ቁልፍ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ገደብ ማበጀት የሚያስችለው አማራጭ ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ከቆየ መልስ የባሰው የቆየ ትእዛዝ

እስካሁን ያወራነው ስለ ጥያቄና መልስ ነው። መልእክቱ ትእዛዝ ሲሆንስ?

አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በውስጡ ብዙ «ምናባዊ» ኮምፒውተሮችን ማስተናገድ ይችላል። የማይክሮሶፍት «ሃይፐር ቪ» ይህን የሚያደርግ ሥርዓት ነው፤ በውስጡ ሊኑክስን እንደ እንግዳ ሊያስተናግድ ይችላል። ባለቤቱ ማሽን የእንግዳውን ባክአፕ መውሰድ ሲፈልግ መጀመሪያ «አቁም!» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ፎቶ አንሺ ሠርግ ላይ «እንዳትንቀሳቀሱ!» እንደሚለው ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚጻፍ ነገር ለአፍታ ካልቆመ ቅጂው ይደበዝዛል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ «ቀጥሉ» ይባላል። እንግዳው ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበለው ድራይቨሩ ነው፤ የሚፈጽመው ግን ከአጥሩ ውጭ ያለው ረዳት ነው።

አሁን ይህን ተከታተሉ። ድራይቨሩ «አቁም» ብሎ ለረዳቱ አስተላለፈ። ማቆሙ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። የድራይቨሩ ገደብ አለፈ፤ ለባለቤቱ «አልተሳካም» ብሎ ነግሮ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ረዳቱ ይህን አላወቀም። ሥራውን ጨርሶ «አቁሜያለሁ!» ብሎ መጣ። ድራይቨሩ ሕጉን አክብሮ የዘገየውን መልስ አልቀበልም አለ። ከዚያስ? ረዳቱ በስህተት መልሱ ተደናገረ፤ ዲስኩ ግን እንደቆመ ቀረ! ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል፤ ሠርገኛው ሳይንቀሳቀስ ቆሟል፤ «ቀጥሉ» የሚል የለም። ይህ ሰርቨር የአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ምዝገባ ቢሆን በምዝገባው ቀን አንድ ስም እንኳ መጻፍ አይቻልም ማለት ነው።

ይህ የፈጠርኩት ታሪክ አይደለም። በሊኑክስ ላይ የነበረ ስህተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ተስተካከለ። ማስተካከያው ደግሞ ትንሽ ነው፦ ረዳቱ «አቁሜያለሁ» ብሎ ተቀባይ ካጣ፣ ራሱ ዲስኩን መልሶ ይለቃል፣ ከዚያም ሥራውን ይቀጥላል። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ተቀባዩ የቆየ መልእክትን አለመቀበሉ ብቻውን አይበቃም፤ ላኪውም ተቀባይነት ሲያጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ አለበት።

እንደ አዲስ መተዋወቅ

ረዳቱ ሞቶ ሌላ ቢተካ አዲሱ ረዳት የሟቹን ሰልፍ ይውረስ? ያጓጓል፤ ግን አደገኛ ነው። «ዋጋውን 300 አድርገው» የሚል ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢፈጸም ውጤቱ ያው 300 ነው። «በዋጋው ላይ 300 ጨምር» የሚለው ግን ሁለት ጊዜ ከተፈጸመ 600 ይጨምራል። ሟቹ የትኛውን እንደፈጸመና የትኛውን እንዳልፈጸመ ስለማናውቅ፣ በደፈናው ድገም ማለት ቁማር ነው።

ስለዚህ በተለመደው አሠራር ፊውዝ ከሞተ ረዳት ጋር የነበረውን መስመር አያስቀጥልም። አዲስ መስመር ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ንግግርም ትውውቅ ነው፦ «እኔ ይህን የቋንቋ ቅጂ እናገራለሁ፤ አንተስ?» የድሮው መስመር መልእክቶች ወደዚህኛው አይሻገሩም። በሃይፐር ቪው ድራይቨርም ያልተነሳ መልእክት የሚቀመጥባት አንዲት ቦታ አለች። እሷ ካልተለቀቀች አዲስ መልእክት አይገባም። ረዳቱ መስመሩን ሲዘጋ ድራይቨሩ ያቺን ቦታ ያጸዳታል፤ አለበለዚያ የሟች መልእክት አዲሱን መንገድ ዘግቶ ይቀር ነበር።

ለጠያቂው ፕሮግራምስ? በሐቀኝነት «አልተሳካም» ይባላል። መድገም ወይም መተው የሚያዋጣው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነውና ውሳኔው የእሱ ይሆናል።

እናንተም ሞክሩት

ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ካገኛችሁ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥም ሆነ ቤት፣ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ላብ ከሆነ ግን ኃላፊውን አስፈቅዱ። አስፈላጊ ፋይል የሌለበት ቦታ ምረጡ። የሌላ ኮምፒውተርን ፎልደር በፊውዝ በኩል የሚያሳይ ረዳት፣ ለምሳሌ ኤስኤስኤችኤፍኤስን፣ አስነሱ። ከዚያ ሁለት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ ረዳቱን ሳትገድሉት «ባለህበት ቁም» የሚለውን ሲግናል ላኩበት፤ ከዚያ ያልከፈታችሁትን ንዑስ ፎልደር ክፈቱ። ተርሚናሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስህተት የለም፤ መልስም የለም። «ቀጥል» የሚለውን ሲግናል ስትልኩ መልሱ ይመጣል። ቁጥሩ ገና መዝገቡ ላይ ስለነበር ከርነሉ ተቀበለው።

ቀጥሎ ረዳቱን ግደሉትና እንደገና ፎልደሩን ክፈቱ። አሁን መጠበቅ የለም፤ ወዲያው የስህተት መልስ ይመጣል። የዘገየና የሞተ ልዩነት በእነዚህ ሁለት ሙከራዎች ውስጥ አለ።

ነገ የራሳችሁን አፕ ስትሠሩ፣ ለምሳሌ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ የቡና ዋጋ የሚሰበስብ፣ ኔትወርክ በመሀል እንደሚቋረጥ ከወዲሁ አስቡት። ለእያንዳንዱ መልእክት ሦስት ነገር ጻፉለት፦ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ እና ጊዜው ካለፈ ወይም ተቀባይ ካጣ ምን እንደሚደረግ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የቆመው ዲስክ ተረስቶ የቀረውም በእሱ ምክንያት ነበር።